ያለ ጃንጥላ የከረምኩበት ምርጫ

መጋቢት 9

ዛሬ የሚሊዮን ሻይ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ "መምህር፣ ዘንድሮስ?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የጅማው ሰፈሬ አወቱ መንደራ ግን የሚያውቀኝ በምርጫ ግምት ነው። የምርጫ ጣቢያችን ውጤት በር ላይ ከመለጠፉ በፊት እኔ እናገራለሁ። ሲለጠፍ ሰው ሄዶ አይቶ ይመለስና "ኸይሩ ያለው ነው" ይላል።

አስማት የለውም፤ ሰፈርን ማወቅ ነው። የገበያው ረድፍ ከጉራጌና ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው። ሱቁን የማይነካበትን ሰው ይመርጣል፤ ለዚያውም በጠዋት፣ ሳይከፍት። ሰልፉ ከረዘመ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ይመለሳል። የመንግሥት ሠራተኛው አንድም አይቀርም፤ ማንን እንደሚመርጥ መጠየቅም አያስፈልግም። ከላይ በኩል ያሉት የቡና መሬት ያላቸው ነባር ቤተሰቦች አባወራው ያለውን እንደ አንድ ሰው ይመርጣሉ። ወንዙ ዳር ተከራይተው የሚኖሩት ተሸካሚዎችና ቡና ለቃሚዎች ከዳውሮና ከከፋ የመጡ ናቸው፤ መታወቂያ ስለሌላቸው ብዙዎቹ አይመዘገቡም። የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪዎች ከሁሉም በላይ ያወራሉ፣ ከሁሉም በታች ይሰለፋሉ። ሴቶች እንደ ባሎቻቸው። በቃ ይኼው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ከሠላሳ እስከ አርባ የሚሆን ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣና ማንም ያልገመተው ሰው ላይ ያርፋል። ባለቤት አልባ ድምፆች እላቸዋለሁ። አንድ ምርጫ ላይ ብቻ ጠፍተው ነበር፤ ያኔ ደግሞ ባዶ የተከተተ ወረቀት በዛ። የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

መጋቢት 14

ሙና ልትወዳደር ነው። ልጄ። በግል። ለክልሉ ምክር ቤት።

መጋቢት 15

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እራት በልተን ስናበቃ ሙና ነገረችን። ኪቶ ፉርዲሳ የውሃ ምህንድስና ተምራ፣ ከተመረቀች ጀምሮ ከቧንቧና ከቦይ ጋር ስትታገል የኖረች ልጅ ናት። የአወቱ ወንዝ በየክረምቱ የዳሩን ቤቶች ይሞላል፤ እሷ ጥናቱን በሠራች ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አሁን ወደ መሳቢያው ባለቤት ልሂድ አለች።

ሚስቴ ሀጂራ ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር፤ ገበያ ውስጥ የቅመም መደብ አላት። ቀና እንኳ አላለችም። ሙና ወደ እኔ ዞራ አንተስ ምን ትላለህ ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። ወጣት ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ፓርቲ የለሽም። ሊመርጡሽ የሚችሉት የወንዝ ዳር ሰዎች አይመዘገቡም። ትወድቂያለሽ አልኳት።

ሳቀች። "ፈተና ሲደርስም እንዲህ ነበር የምትለኝ" ብላ ሳህኑን አነሳች።

በራሴ ኮራሁ። ለልጁ ሲል ቁጥር የማያጣምም አባት ስንት አለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሻይ አብዝቼ ነው።

መጋቢት 23

የሙና የምርጫ ምልክት ጃንጥላ ሆነ። ሚዛን አይሻልም ነበር ወይ ብላት "ሚዛን ተወስዷል" አለችኝ። ጅማ ውስጥ ጃንጥላ የሌለው ማን አለ፤ ማንስ ልብ ይለዋል።

እኔ ግን ተቸገርኩ። ጥቁሩ ጃንጥላዬ በፀሐይም በዝናብም ከእጄ አይለይም፤ ተማሪዎቼ ከሩቅ የሚያውቁኝ በእሱ ነበር። አሁን ይዤው ብወጣ ለልጁ ይቀሰቅሳል ልባል ነው። ገማች ሰው ደግሞ ማዳላት የለበትም። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሀጂራ አይታ "ክረምቱ እኮ እየመጣ ነው" ብቻ አለች።

ሚያዝያ 4

ምዝገባ ተጀምሯል። ዛሬ በጣቢያው በር በኩል አለፍኩ። ሀጂራን ከእቁብ ጓደኞቿ ከሀዋና ከሩፈይዳ ጋር ተሰልፋ አየኋት። ከኋላቸውም ሴት፣ ከዚያም ኋላ ሴት። ገበያ ቀዝቅዞ ይሆናል።

ሁለት የወንዝ ዳር ልጆች መታወቂያ የላችሁም ተብለው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ቀበሌ ድረስ ሄጄ ነዋሪ መሆናቸውን መሰከርኩላቸው። የግምቴን መሠረት ለማጣራት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሚያዝያ 7

ዛሬም ልጆች ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። በዛ ያሉ ናቸው። ለማጣራት።

ሚያዝያ 16

ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ስለ ሁሉም ተወዳዳሪ ጠየቁኝ፤ ለሁሉም መለስኩ። በመጨረሻ ባለቤቱ ሚሊዮን ብርጭቆ እየወለወለ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "ሙናስ፣ መምህር?" አለ።

ልጄ ናትና እዚህ ላይ እለፉኝ ማለት እችል ነበር። ማንም አይቀየመኝም ነበር። ግን ሰው ግምቴን የሚያምነው ለማንም ስለማላዳላ ነው። "በጣቢያችን ከስልሳ አትበልጥም" አልኩ። ቡና ነጋዴው ሶሬሳ ራሱን ነቅንቆ "ወላሂ፣ ይኼ ሰው ለሥጋውም አያዳላ" አለ። ኩራት ተሰማኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሚያዝያ 28

ጉንፋን። ከመስጊድ ስመለስ ዝናቡ ደብድቦኛል። ሀጂራ ዝንጅብል አፍልታ ሰጠችኝና ሚስማሩን አየት አድርጋ ወጣች።

የሰፈር ልጆች የሙና ፖስተር ላይ ፂም ስለውበታል። ሰው ሳያይ በአዲስ ለወጥኩት። ግድግዳው እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።

ግንቦት 5

ሰኮሩ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የጅማ ነጋዴዎች ናቸው፤ በነገራቸው አወቅኋቸው። አንደኛዋ ለዚያች ለጃንጥላዋ ልጅ ድምፄን ልሰጥ አስቤ ነበር፣ የጎርፉን ነገር ታውቀዋለች አለች።

"ማሎ፣ ምን ያደርግልሻል" አለቻት ጓደኛዋ። "የገዛ አባቷ ትወድቃለች ብሏል። እሱ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም አሉ።"

"አባቷ?"

"አዎ። በሰኔ ዝናብ ለወደቀ ሰው ትቆሚያለሽ?"

ያቺኛዋ "እሱስ እውነትሽን ነው፣ ቤቴ እተኛለሁ" አለች። ከዚያ ስለ ሽንኩርት አወሩ።

ከኋላቸው ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ዞር ብለው ቢያዩኝ ምን እል ነበር? ከሰኮሩ ጅማ ያለው መንገድ እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም። እኔ ከስልሳ አትበልጥም ያልኩት ሰው የሚያደርገውን አይቼ ነው። አሁን ግን ሰው እኔ ያልኩትን ሰምቶ እያደረገው ነው። ይህቺ ሴትዮ ልትመርጣት ነበር እኮ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ማንስ ተናገር ብሎ አስገደደኝ። እናቴ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር።

ቢሆንም ውሸት አልተናገርኩም። አልተናገርኩም።

ግንቦት 6

ሙና የሻይ ቤቱን ወሬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምታ ኖሯል። ለምን አልተቆጣሽኝም አልኳት።

"ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል አባ" አለች። "ግን ገና ያልተሰለፈውን ሰው ከሰልፉ አስወጣኸው።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋ የወንዝ ዳር ጭቃ ይዟል፤ እሷ ስትናገር እኔ ጭቃውን ነበር የማየው። ቤት ለቤት ስትዞር ነው የምትውለው። ስንቱ በር ላይ አባትሽ እንኳ ብለዋት ይሆን? አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ግንቦት 12

ዛሬ ሀጂራ "እስቲ ግምትህን ንገረኝ" አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን በትዳር ስንኖር ጠይቃኝ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ከገበያው ረድፍ ጀምሬ ነገርኳት። ሴቶች እንደ ባሎቻቸው የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

"እኔ የትኛው ጋ ነኝ?"

"ከእኔ ጋ።"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አላውቅም። ጅማ ውስጥ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ የጀበና ነጋዴዋን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ሚስቴን ግን አንድም ቀን። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

እሷ ኮረሪማዋን ሳትተው ቀጠለች። እነዚያ ባለቤት የላቸውም የምትላቸው ድምፆች መቼ መቼ ነበር የመጡት አለችኝ። ነርሷ የተወዳደረች ጊዜ አልኳት። የኮሌጇ መምህርት የተወዳደረች ጊዜ። የጠፉትስ መቼ ነው አለች። የዚያን ጊዜ እንኳ አልኩና ቆምኩ። የዚያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ ወንዶች ብቻ ነበሩ።

"ሴት ካለች ለሴት" አለች። "እኔም፣ ሀዋም፣ ሩፈይዳም፣ የእቁቡ ሴቶች በሙሉ። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም። ከሌለች ባዶውን አጥፈን እንከታለን። ባለቤትማ አላቸው፣ ኸይሩ። እራትህን የምታቀርብልህ ናት።"

የአወቱን ወንዝ ከነገባሮቹ በቃሌ አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝ። አልጋዬ ላይ ከጎኔ የተኛውን ድምፅ ሳላውቀው አረጀሁ። መናደድ ነበረብኝ፤ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ፣ እዚህ ማንም ስለማያየው ልጻፈው፣ ኮራሁባት። ጣቢያውን በሙሉ እንደ ካርታ አንብቤ አንድ ሰው ብቻ አልነበብ አለኝ፤ እሷም ሚስቴ ናት።

ግንቦት 14

ሚሊዮን ሻይ ቤት ገባሁ። ሳይጠይቁኝ ጀመርኩ። ስለ ሙና የነገርኳችሁ ግምት ፈርሷል አልኳቸው። ታዲያ ስንት ታገኛለች አሉኝ።

"አላውቅም።"

በዚያ ቤት ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሶሬሳ "መምህርን አንጀቱ ከዳው" አለና ቤቱ በሳቅ አውካካ። ተነስቼ ልወጣ ብዬ ያቺ የሚኒባሷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ።

"አንጀቴ አይደለም፣ ቁጥሬ ነው" አልኩ። "ሴቶች እንደ ባሎቻቸው ብዬ ነበር የቆጠርኩት። የራሴን ሚስት ጠየቅኳት፤ ውሸት ሆኖ ተገኘ። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጠይቁ።"

ሳቁ ቀዘቀዘ። ሚሊዮን ሚስቱ ወዳለችበት ጓዳ ቀስ ብሎ ዞር ሲል አየሁት።

ግንቦት 15

ሶሬሳ ጠይቆ ኖሯል። ዛሬ ሻይ ቤት አልመጣም።

ግንቦት 29

ሴቶቹ ደቦ አዋቅረዋል። ቡና ሲደርስ ለአንዱ ማሳ ሁሉም ወርዶ እንደሚለቅመው ማለት ነው፤ አሁን የሚረዳዱት በሰልፍ ነው። እናት ስትሰለፍ ልጇን ሌላዋ ትይዛለች፤ ነጋዴዋ ስትሰለፍ መደቧን ሌላዋ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ወንዝ ዳር ያሉት ቡና ለቃሚዎችም ገብተውበታል። ለማን ትመርጫለሽ መባባል ግን የለም። ሀዋ እንዳለችኝ ሰልፉን ነው የሚረዳዱት፤ ወረቀቱን አላህና ባለቤቷ ያውቁታል።

ስሰማት አፈርኩ። እስከ ዛሬ ልጅ ያዘለች ሴት ሰልፍ ትታ ስትሄድ ሳይ "ለምርጫ ፍላጎት የላትም" ብዬ ነበር የማልፈው። ፍላጎት አልነበረም የጎደላት። ልጁን የሚይዝላት ሰው ነው።

የሰው እጥረት አለብን አሉና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጡረተኛ፣ ሥራ ፈት። የሀጂራን መደብና የሩፈይዳን መንታዎች ተረከብኩ። ቶሌ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ።

ሰኔ 13

ነገ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። የሙና ድምፅ ተዘግቷል። ዱዓ አደረግኩ። ስለ ዝናቡ።

ሰኔ 14

ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ዘነበ። እኔ መደቡ ላይ ነኝ፤ አንዱ መንታ ጭኔ ላይ፣ ሌላው የበርበሬ ጆንያ ላይ። የቀድሞ ተማሪዎቼ እያለፉ "መምህር?" ይላሉ። ኮረሪማ ልመዝንልህ? እላለሁ።

ቀትር ላይ ሀዋ መርጣ መጥታ ተካችኝና ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል፣ ይበልጡ ሴት። ሰኔ ነው፣ ጅማ ነው፤ ሁሉም ጃንጥላ ዘርግቷል። የሌላ ተወዳዳሪ ወኪል ይህ ጣቢያ ውስጥ መቀስቀስ ነው ብሎ አቤት ብሏል። የጣቢያዋ ኃላፊ ሌንሳ ተማሪዬ ነበረች። ደንቡን አገላበጠች፣ ስልክ ደወለች፣ የሚያነሳ አጣች። በመጨረሻ ወጥታ "እናቶቼ፣ ነገ ድምፃችሁ ላይ ጥያቄ እንዳይነሳ እባካችሁ ጃንጥላውን እጠፉልኝ" አለች።

አለቀ አልኩ፤ በዚህ ዝናብ ማን ይቆማል።

ሀጂራ ከጠዋት ጀምራ ተሰልፋ ገና በሩ ጋ መድረሷ ነበር። ጃንጥላዋን አራግፋ አጠፈችው። ከጉያዋ ፌስታል አውጥታ በሻሿ ላይ አሰረች። ከኋላዋ ያለችው አጠፈች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው። ከፊት እስከ መንገዱ ድረስ ጃንጥላው ሁሉ ተራ በተራ ተከደነ፤ ከሰልፉ አንድም ሰው አልወጣም። የገበያው ወንዶች እርስ በርስ ተያዩና እነሱም አጠፉ። ቁልፉን እያቅጨለጨለ የተመለሰ የለም። አንዲት አሮጊት ወደ ወኪሉ ዞር ብላ "ያንተም ይታጠፍ፣ ልጄ" አለችው። አጠፈ።

እኔ ጃንጥላ የለኝም፤ ሦስት ወር ተለማምጄበታለሁ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሜ እንደ ሰው ሁሉ ራስኩ። ሰው የሚያለቅስ ቢሆን እንኳ በዚያ ዝናብ አይለይም ነበር። አላለቀስኩም።

መረጥኩ። ማንን እንደመረጥኩ እዚህም አልጽፍም። የድምፅ ምስጢር የተከበረ ነው።

ሰኔ 15

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። ሙና አራት መቶ ሠላሳ ሰባት። ተከታይዋ ከአራት መቶ ትንሽ ፈቅ ያለ። በጣቢያችን አንደኛ ልጄ ናት! የመረጠው ሕዝብ ብዛትም እኔ ከማስታውሰው ሁሉ ይበልጣል።

ሶሬሳ ከኋላዬ ሆኖ አንብቧል። "መምህር፣ ተሳሳትክ" አለኝ።

"በጣም ነው የተሳሳትኩት" አልኩት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ከዚያ ላገኘሁት ሰው ሁሉ መሳሳቴን ስናገር ዋልኩ። አንዳንዱ ሳይጠይቀኝም ነገርኩት።

ሰኔ 19

የምርጫ ክልሉ ተደመረ። ሙና ወደቀች። ሁለተኛ ናት። ሌሎቹ ጣቢያዎች ድሮ እንደምገምተው ነው የሆኑት፤ ደቦ የነበረው በእኛ ዘንድ ብቻ ነው። ጠዋት ከሌላ ቀበሌ ሴቶች መጥተው እንዴት እንዳዋቀሩት ሀጂራን ሲጠይቋት ነበር።

ሙና ከሰዓት ተነሳች። ዓይኗ አብጧል። "ልክ ነበርክ አባ። ወድቄያለሁ" አለች። እኔ ሰፈሬን የማላውቅ ሰው ነኝ፣ የእኔን ልክ ተይው አልኳት። አጠገቧ ተቀምጬ ስከርም ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። ሚዛን በእርግጥ ተወስዶ ነበር?

ፈገግ አለች። "አልተወሰደም። ምልክት ስንመርጥ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን ጃንጥላ?"

"በዚህ ከተማ ትልቅ ትንሹ የሚያውቀው አንድ ጃንጥላ አለ። እሱ ሥር ሆኜ ነው የአወቱን ድልድይ ተሻግሬ ትምህርት ቤት የሄድኩት። ሰው ሲያየው የማን ልጅ እንደሆንኩ ያስታውሳል ብዬ ነበር።" ወደ ሚስማሩ ቀና ብላ "አንተ ደግሞ ሰቀልከው" አለች።

ተነስቼ ከሚስማሩ አወረድኩት። አቧራ ለብሷል። በእጅጌዬ ጠረግኩት።

ውጭው ጥርት ያለ ቀን ነበር፤ ደመና የሚባል የለም። ደጃፉ ላይ ዘረጋሁት። በወንዙ ዳር ሄድኩ፣ በገበያው ረድፍ አለፍኩ፣ በጣቢያው በር ዞርኩ፣ ቀስ እያልኩ። ነጋዴው ሱቁን ትቶ እየወጣ አየኝ። ሀጂራ ከመደቧ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቅመሟ ተመለሰች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ ይታያል። ሚሊዮን ሻይ ቤት ስደርስም አላጠፍኩትም፤ ውጭ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሚሊዮን ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ሰማዩን አየ፣ ጃንጥላውን አየ።

"ምነው መምህር?" አለኝ።

ፀሐዩ በርትቶብኝ ነው አልኩት።